ጭሱን በተራ የተካፈሉት በያጅ፤ የአቶ ሣህሌ ገብረ መድህን የሕይወት ታሪክ

አቶ ሣህሌ ገብረ መድህን ከአባታቸው ከአቶ ገብረ መድህን ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት ተክሌ በአርሲ ጠቅላይ ግዛት፣ በጭላሎ አውራጃ፣ ከሁሩታ ከተማ እልፍ ብሎ ባለ መንደር ሚያዝያ 12 ቀን 1925 ዓ.ም. ተወለዱ። አዋላጇ ደጅ ላይ ነጠላዋን ስታስተካክል እርሳቸው ቀድመው መጥተው ጠበቋት እያሉ እናታቸው በሕይወት ሳሉ ይናገሩ ነበር። አያታቸው ከቡልጋ መጥተው በዚያ አገር የተተከሉ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ግን የትም ቢሆን መተከል የማይሆንላቸው ሰው ወጡ።

በሰባት ዓመታቸው የኔታ ዘንድ ገብተው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። የኔታ ለአባታቸው ያቀረቡት ክስ አንድ ብቻ ነበር። ልጁ አእምሮው ብሩህ ነው፣ ቁጭ ማለት ግን አልፈጠረበትም አሉ። ከዚያ አሰላ ከተማ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አምስተኛ ክፍል ተማሩና በ1941 ዓ.ም. ማንንም ሳያስፈቅዱ በእህል ጫኝ መኪና ናዝሬት ወረዱ። ደብዳቤያቸው የደረሰው ከሦስት ወር በኋላ ሲሆን ጠቅላላ ሦስት መስመር ነበር። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው በቀለች ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ወንድሟ የተሳፈሩበት መኪና ይመለስ እንደሆነ ብላ መንገድ ዳር እየወጣች ጭነት ሁሉ ስትቆጥር ከረመች። ዛሬም ቢሆን ያን ክረምት አልማረቻቸውም።

ናዝሬት ውስጥ አንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ተቀጥረው የኤሌክትሪክ ብየዳ ተማሩ። ከዚያ በኋላ ወንጂ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ እንደገና ናዝሬት እያሉ ሲዞሩ በአንድ ቦታ ሁለት ክረምት አሳልፈው አያውቁም። ሥራቸውን ግን ከየትም ቢማሩት በጥንቃቄ ነው የተማሩት። ብርሃኑ ዓይን ያቃጥላልና ጥቁር መስታወት ያለው ጭምብላቸውን ሳይደፉ ኤሌክትሮዱን ብረት አያስነኩም። እርጥብ መሬት ላይ ቆመው አይበይዱም፤ ደረቅ ሳንቃ ከእግራቸው ሥር ካልተነጠፈ ንጉሥም ቢያዝዛቸው ማሽኑን አያበሩም ነበር። ቤንዚን የነበረበትን በርሜል አፉ ድረስ ውኃ ሳይሞሉ እሳት አያስጠጉም። አንድ የዴራ ነጋዴ በርሜሌን ጠግን ብልህ ታጥብልኛለህ ወይ ብሎ ሲቆጣቸው፣ ታጥቦ መሄድ ተቃጥሎ ከመሄድ ይሻልሃል ብለው መልሰውለታል።

እንግዲህ ለብርሃኑ ጭምብል፣ ለኤሌክትሪኩ ሳንቃ፣ ለበርሜሉ ውኃ ነበራቸው። ለጭሱ ደግሞ ወተት። ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። ያን ጭስ የዋጠ ሰው አንድ ብርጭቆ ወተት ከጠጣበት ደረቱ ይታጠባል ብለው የናዝሬት በያጆች ነግረዋቸው ነበር። ሣህሌ ይህን እንደ ዳዊቱ በቃላቸው ያዙት።

በ1952 ዓ.ም. ወይዘሮ ተሻለች ሀብተ ማርያምን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው እጅጋየሁን፣ ግዛቸውንና ወይንሸትን ወለዱ። ወይዘሮ ተሻለች በስምንት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ጓዝ አስረዋል። በ1960 ዓ.ም. አሥረኛውን አላስርም፣ ልጆቼ አንድ ትምህርት ቤት ገብተው ይጨርሱ ብለው ቁርጣቸውን ተናገሩ። ሣህሌም ሚስታቸውን ይፈሩ ስለነበረ፣ ይህን ደግሞ አገር ያውቀዋል፣ የብየዳ ማሽናቸውን በመኪና ጭነው ወደ አሰላ መጡ።

አሰላ ውስጥ ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ዳር አቶ ከዲሮ ቱሳ የሚባሉ፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ ጎሚስታ ነበሩ። ሣህሌ ከጎናቸው አጥር ጥግ ተከራይተው ማሽናቸውን ተከሉ። ማሽኑ ሲነሳ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ይደበዝዝ ነበርና ሰዉ በመስኮት ብቅ እያለ ሣህሌ ሥራ ገቡ ይል ጀመር። ወዲያው እርሻው ሁሉ ትራክተርና ኮምባይነር ሆነ። የተሰበረ ብረት ከያቅጣጫው ሲመጣ አቶ ከዲሮም የጎማውን ሥራ ቀንሰው ብየዳ ከሣህሌ ተማሩ። በዓመቱ ሁለቱ በአንድ ደጃፍ፣ በአንድ ማሽን የሚሠሩ ሸሪኮች ሆኑ። አንዱ መንቆራጠጥ የሚወድ፣ አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ግራና ቀኝ ሳያይ የማይጀምር ነበር። እንዴት እንደተስማሙ እስከ ዛሬ የገባው ሰው የለም።

የአቶ ከዲሮ ባለቤት ወይዘሮ ሀሊሜ በየማለዳው ከራሳቸው ላም የታለበ አንድ ጮጮ ወተት ለሁለቱ ይልኩ ነበር። ችግሩ የጾም ነገር ነው። ሣህሌ እረፍት ባይወዱም ጾም ይወዳሉ፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ የነቢያትን አንዱንም አያስታጉሉም። በጾም ቀን ወተት አይቀምሱም። አቶ ከዲሮም በረመዳን ቀን ምንም አይቀምሱም። ስለዚህ ተማከሩና ተራ ተካፈሉ። በሣህሌ ጾም ቀን ዚንክ ያለበት ሥራ ከመጣ ከዲሮ ወተታቸውን ጠጥተው ይበይዱታል፤ በረመዳን ደግሞ ሣህሌ። ሁለት ሃይማኖት እንዲህ በመተሳሰብ ሲኖር አይቶ ያልተደሰተ ሰው አልነበረም። በቀለችም ያን ጊዜ አስተማሪ ሆና ነበርና ለተማሪዎቿ እንደ ምሳሌ ትናገረው ነበር። አሁን ያን ትምህርት ብትመልሰው በወደደች።

በ1961 ዓ.ም. ረመዳንና የነቢያት ጾም በኅዳር ወር ተገናኙ። ወተት የሚጠጣ ጠፋ። ሁለቱም ጾም እስኪፈታ ዚንክ አንነካም ተባብለው ቃል ገቡ። ሆኖም ከዴራ ሰው መጣ። ዚንክ የተቀባው የከብቶቻቸው የውኃ ገንዳ ተሰንጥቆ ውኃውን መሬት እየጠጣው እንደሆነ ተናገረ። ዴራ ደረቅ አገር ነው፤ ሣህሌ ደግሞ ጥበቃ የማይችሉ ሰው ናቸው። ለከዲሮ ሳይነግሩ ማሽኑን በሰውየው መኪና ጭነው ወርደው፣ መብራት በሚያመነጭ አንድ የእርሻ ሞተር ላይ ቀጥለው ገንዳውን ዘግተው መጡ። ማታውኑ ብርድ ብርድ አላቸው፣ አንቀጠቀጣቸው፣ አፋቸው ውስጥ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ነገር አላጠፋ አለ። በማግስቱ ለቀቃቸው። አቶ ከዲሮ ቃል በማፍረሳቸው አንድ ሳምንት አላናገሯቸውም። ሣህሌ ግን ከዚህ ሁሉ የተማሩት ነገር ቢኖር ወተት ባለመጠጣቴ ነው የሚለውን ብቻ ነበር። ወተት ሳይጠጡበት መዳናቸውን እህታቸው ብታስታውሳቸው፣ አንቺ ልጆችሽን አስተምሪ ብለው አሰናበቷት።

እርሷም አልተወቻቸውም። በ1963 ዓ.ም. ሁለቱንም አስከትላ አንድ ጤና መኮንን ዘንድ ወሰደቻቸው። ጤና መኮንኑ የወተት መንገድ ወደ ሆድ፣ የጭስ መንገድ ወደ ሳንባ እንደሆነ፣ ሁለቱ እንደማይገናኙ በወረቀት ላይ ሥሎ አሳያቸው። ዚንኩ ከሚበየደው ቦታ ግራና ቀኝ በሞረድ ተፍቆ ይጥፋ፤ ሥራው ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ከጀርባ ሆኖ ይሠራ፤ ዝግ ነገር ውስጥ አይገባ፤ የግድ ከሆነም ውጭ ሰው ይቁም፣ ቶሎ ቶሎ እየተወጣ አየር ይወሰድ አላቸው። ሣህሌ ሆዴና ሳንባዬ ጎረቤት ናቸው፣ አንዱ የበላውን ለሌላው ሳያቀምስ አይቀርም ብለው ሰውየውን አሳቁት። መሞረዱን አንድ ሳምንት ሞክረው ግማሽ ቀን ይፈጃል ብለው ጣሉት። አቶ ከዲሮ ግን እየተቀመጡ መሞረድ ያዙ። ደንበኛ ሲጣደፍባቸው ሞረዱን አስቀምጠው ጮጮውን ያነሳሉ።

በ1965 ዓ.ም. መጨረሻ የሣህሌ ጠባይ ተለወጠ። መንቆራጠጣቸው ባሰ፤ ግን ሌላ ዓይነት መንቆራጠጥ ነበር። ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸው ወደ አቶ ከዲሮ ይሄዳል። ረቡዕን ማክሰኞ ነው፣ ዓርብን ቅዳሜ ነው እያሉ በጾም ቀን የዚንኩን ሥራ ከሸሪካቸው እጅ ይቀሙ ጀመር። ወተቱንም አይጠጡም። ወይዘሮ ተሻለች ባሌ ቀን ጠፋበት ብለው ጠበል አሰቡ። በቀለች ደግሞ ለሥራ መስገብገብ ነው ብላ ፈረደች።

የዘንድሮው ዐቢይ ጾም የገባ ዕለት አገሩም አብሮ ተነሳ። መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ባለ ታክሲው አቆመ፣ ወታደሩ አጉረመረመ። አሰላ ውስጥ ራዲዮ ያለበት ቤት ሁሉ ደጁ በሰው ተሞላ። የበቀለችም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበረ ቀኑን በወንድሟ ደጃፍ ታሳልፍ ነበር። በዚያው ሰሞን ለጢቾ ሕዝብ ምንጭ ውኃ የሚጠራቀምባቸው ሦስት ታላላቅ ታንከሮች ታዘዙ። ብረታቸው ዚንክ የተቀባ ነው። የውጭው ስፌት ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ትከሻውን ብቻ በሚያሳልፍ ቀዳዳ ገብቶ ከውስጥ መዝጋት አለበት። ጾሙ የሣህሌ ስለሆነ እንደ ውላቸው የሚገቡት አቶ ከዲሮ ነበሩ።

መጋቢት 6 ቀን፣ ዓርብ፣ አቶ ከዲሮ ለጁምዓ ሶላት ሲሄዱ ሣህሌ ተነስተው የመጀመሪያው ታንከር ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ሥራው አልቆ ቆያቸው። አቶ ከዲሮ ተራው የእኔ ነበር ብለው ክፉኛ ተቆጡ። ሣህሌ ጾሙን ረሳሁት አሉ፤ ወር ሊሞላው የተቃረበውን ጾም። ያን ሌሊት እንደገና ብርድና ትኩሳት ያዛቸው፤ በሦስተኛው ቀን ተነሱ።

በሳምንቱ አቶ ከዲሮ ብልሃት ያሉትን ዘዴ ፈጠሩ። የብየዳውን ጓንት በኪሳቸው ከተው መስጊድ ሄዱ። ሣህሌ እጃቸውን በደረቅ ማዳበሪያ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ሳንቃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው፣ እህታቸውን ማብሪያው አጠገብ አቆሙና ሁለተኛው ታንከር ውስጥ ገቡ። ሁለት ጊዜ ብረቱን ካንኳኳሁ አጥፊ ብለዋት ነበር። ከቀዳዳው ነጭ ጭስ እንደ ማድቤት ጭስ ይወጣ ጀመር። ከውስጥ ሳል ተሰማ። አላንኳኩም። በቀለች ብትጠራቸው ብትጠራቸው አልወጣም አሉ። በመጨረሻ ተናዳ በራሷ ፈቃድ ማሽኑን አጠፋችው። ድምፃቸው ከውስጥ መጣ።

«አብሪው በቀለች። ጁምዓ ሳይወጣ መጨረስ አለብኝ።»

አበራችው። ወንድሟ እንደ ወትሮአቸው የቸኮሉ መስሏት አበራችው። በዚህ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ሁሉ ለመጻፍ የከበዳት ይህ ነው፤ ሳትጽፈው ብትቀር ግን የወንድሟን ታሪክ ሙሉ አታደርገውም።

ሥራውን ጨርሰው በእግራቸው ወጡ። ማታ መተንፈስ አቃታቸው። በማግስቱ ሆስፒታል ገቡና አሥር ቀን ተኙ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ሳንባቸው ግን ውኃ ቋጥሮ ነበር። ወይዘሮ ሀሊሜ በየቀኑ ጮጮውን ይዘው ይመጣሉ። የንስሐ አባታቸውም ለበሽተኛ ተፈቅዷልና ጠጣ አሏቸው። ሣህሌ ጮጮውን በእጃቸው ገፋ አድርገው ለልጆቹ ስጡልኝ፣ ለልጅ ጥሩ ነው አሉ። ሌሎቹ ሲወጡ በቀለችን አስቀሯት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩሉ፣ በየቃሉ እያረፉ የተናገሩት ይህን ነው።

«ከዲሮ ደም ይተፋል። መሐረቡን ይደብቃል እንጂ አይቼዋለሁ። ተራ ተካፈልን ብለን ስንኩራራ ኖርን አይደል? የእኔ ጾም ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ነው፣ የእሱ አንድ ወር። ስድስት ዓመት ሙሉ ጭሱን የጠጣው እሱ ነው። ወተት ቢሆን ኖሮ የሚያድነው፣ ከእሱ በላይ የጠጣ ማን አለ?»

እህታቸው ለምን አልነገርከውም ብላ አለቀሰች። ነገሩን ቢያነሱበት ከዲሮ ይስቅና ጓንቱን ያጠልቅ እንደነበር፣ ሰበብ እየፈጠሩ ሥራውን ከመቀማት ሌላ መንገድ እንዳጡ ነገሯት። ከዚያም አንድ አደራ ጣሉባት።

«ሦስተኛው ታንከር ቀርቷል። ለብቻው ብትነግሪው እሺ ብሎሽ ይገባበታል። ሰው በተሰበሰበበት ንገሪው።»

አቶ ሣህሌ ገብረ መድህን ማክሰኞ መጋቢት 24 ቀን 1966 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ40 ዓመት ከ11 ወራቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ረቡዕ መጋቢት 25 ቀን ዘመድ፣ ወዳጅና ጎረቤት በተገኘበት በአጥቢያቸው ደብር ይፈጸማል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተሻለች ሀብተ ማርያምን፣ ልጆቻቸውን እጅጋየሁን፣ ግዛቸውንና ወይንሸትን፣ እህታቸውን በቀለችን፣ እንዲሁም ሸሪካቸውን፣ ወንድማቸውንም ብንላቸው ከሁሩታ የመጣ ዘመድ የማይቀየመንን አቶ ከዲሮ ቱሳን ትተው ሄደዋል።

ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ትናንት ረፋድ ላይ፣ ሬሳው ከሆስፒታል ቤት እንደገባ፣ አቶ ከዲሮ በለቀስተኛው መሐል ቆመው፣ «ወላሂ፣ ሦስተኛውን እኔ ገብቼ እዘጋዋለሁ። የሣህሌ ሥራ ጎደሎ ሆኖ አይቀርም» ብለው ማሉ። ሰው ሁሉ የወዳጅነት መሐላ ነው ብሎ አመሰገናቸው። በቀለች ያን ጊዜ ያልተቃወመችው የወንድሟን አደራ ዛሬ በዚህ ወረቀት፣ በሰው ሁሉ ፊት ልትፈጽም አስባ ነው።

አቶ ከዲሮ፣ አሁን ከመቃብሩ በስተግራ፣ ከጢቾ ሽማግሌዎች ጋር እንደሚቆሙ አውቃለሁና ይስሙኝ። ወንድሜ እዚያ ብረት ውስጥ የገባው ቸኩሎ አይደለም። እኛ ሁላችን፣ ሚስቱም እኔም፣ ችኩል ስንለው እየሰማ ዝም ብሎ የገባው እርስዎ እንዳይገቡ ነው። ሁለቱን ጨረሰ፣ ለሦስተኛው አልደረሰም። እርስዎ ሦስተኛው ውስጥ ከገቡ ወንድሜ የሞተው በከንቱ ነው። የጢቾን ሽማግሌ አቶ ጉደታን ዛሬ ጠዋት ጠይቄያቸዋለሁ፤ ታንከሩ ሆዱ ይቀደድ፣ ዚንኩ ተሞርዶ ይጥፋ፣ ሜዳ ላይ ነፋስ እያገኘው ይበየድ፣ እኛ ከወንዝ መቅዳት ለምደናል ብለዋል። ጊዜ ይፈጃል። ይፍጅ። መሐላዎን የሚፈቱበትን መንገድ ሼሆቹን ይጠይቁ፤ ሐኪም ቤት ግን ነገ ጠዋት እኔው እወስድዎታለሁ፣ ወይዘሮ ሀሊሜም ተስማምተዋል። አልገባም ይበሉ። ሰው ፊት፣ በድምፅዎ፣ ሣህሌ እላዩ ላይ አፈር ሳይመለስበት ይበሉት።

የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ይቁሙ። አቶ ከዲሮ መልስ እስኪሰጡ ድረስ፣ ቢዘገዩም፣ ቢያለቅሱም፣ የሚቀጥለው ቃል አይነበብ።

ቸሩ አምላክ የወንድማችንን የአቶ ሣህሌን ነፍስ በደጋጎቹ አባቶች በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያስቀምጥልን፤ አንዴ ከተቀመጡም ሥራ አለ ብሎ የሚያስነሳቸው አይምጣ። ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን፣ በሕይወት ላለነው ሁሉ ትንፋሽ ይስጠን። አሜን።